ሎጂክ የተማረ ልጅ ቤት ሲገባ

ቤታችሁ ሎጂክ የወሰደ ፍሬሽማን ካለ ጎረቤት ቡና አትጥሩ። እኛ ሰፈር ይኸው ሁለት ሰው አኩርፏል። ሦስተኛዋ ደግሞ ትመጣለች፣ ፍንጃሏን ትቀበላለች፣ ዝም ትላለች። የጎንደር ሰው ቡና ላይ ዝም አለ ማለት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ልጅ የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ኮርስ ነው የሚማረው። ሐኪም ልሁን ያለውም፣ መሐንዲስ ልሁን ያለውም ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ይወስዳል። ሐሳቡ ሸጋ ነው። ልጁ ሙያ ከመያዙ በፊት ማሰብ ይልመድ ነው። ፈረንጆች ሊበራል አርትስ ኮሌጅ በሚሏቸው ትምህርት ቤቶች ሳይንሱንና ፍልስፍናውን አንድ ላይ አራት ዓመት ያሹታል። እኛ በአንድ ዓመት እንገላገለዋለን፤ ያውም ሃንድአውቱ በጊዜ ከደረሰ።

የእህቴ ልጅ የደረሰው ራቅ ያለ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለበዓል ጎንደር ሲመጣ በሻንጣው ሁለት ሱሪ፣ በጭንቅላቱ ደግሞ አንድ ምዕራፍ ሙሉ የፋላሲ ስም ይዞ ገባ። ፋላሲ ማለት የተጣመመ ክርክር ነው። ከላይ ሲያዩት ምክንያት ይመስላል፤ ሲነኩት ይፈርሳል። እንግዲህ አስቡት፤ ይህን የተማረ ልጅ አራዳ ሰፈር፣ አቦል ተቀድቶ፣ ቆሎ ቀርቦ፣ ሦስት ጎረቤት በተቀመጠበት ቤት ገባ።

«የዘንድሮ ልጅ እኮ ሰው አያከብርም» አለች አንዷ፣ ቆሎዋን ዘገን አድርጋ።

«እትዬ፣ ይሄ ሄስቲ ጀነራላይዜሽን ነው።»

«ምንድን ነው?»

«ጥቂት አይቶ በሁሉ ላይ መፍረድ። ስህተት ነው።»

«ይኸው! አላልኳችሁም?»

ሁለተኛዋ ልታግዛት ብላ «ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው» አለች። ልጁ ይሄ ደግሞ ባንድዋጎን ይባላል አላት። «አንተ ትናንት ንፍጥህን የጠረግሁልህ ልጅ ነህ ዛሬ እኔን የምታርመኝ?» ስትለው ከወንበሩ ተነሣ። «አድ ሆሚነም! ክርክሩን ትተሽ ሰውየውን መምታት!» ያን ጊዜ እህቴ ከጓዳ ማማሰያዋን ይዛ ብቅ አለች። «አሁን አፍህን ካልዘጋህ በዚህ ነው የምልህ።» ልጁ ፊቱ በራ። «አድ ባኩለም! ጋሼ፣ ሰማህ? በላቲን ዱላ ማለት ነው፤ በማስፈራራት መከራከር!»

ሮማውያንም እናት ነበራቸው ማለት ነው።

እውነት ለመናገር ልጁ አንዱንም ስም አልሳተም። ሁሉንም በቦታው ነው የለጠፈው። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። ያን ሁሉ ሰዓት ስንቀመጥ አንዲቷን ሴት እንኳ «እንዴት አወቅሽ?» ብሎ አልጠየቃትም። ስም ይለጥፋል፣ ያልፋል። ትራፊክ ፖሊስ እንኳ ከመክሰሱ በፊት መንጃ ፈቃድ ይጠይቃል።

ማታ ለብቻው ይዤ «እንዴት ነው የምትፈተኑት?» አልኩት።

«ምርጫ ነው።»

«ክሪቲካል ቲንኪንግ? በምርጫ?»

«አዎ። ዲ ላይ ‹ኦል ኦፍ ዘ አበቭ› ካለ እሱን ነው የምናጠቁረው።»

«ቆም ብለህ ብታስብስ?»

«ጊዜ አይበቃም፣ ጋሼ።»

የበዓሉ ዋዜማ ዕለት ወደ ሳይንስ ፍልስፍና ተሸጋገርን። እህቴ ወራት ሙሉ የቀለበችውን አውራ ዶሮ እግሩን ጠፍራ ይዛለች። ቢላዋው ልጇ እጅ ላይ ነው፤ ሴት አታርድማ። ልጁ ቢላዋውን እንደ ጠመኔ እያወዛወዘ ይነግራታል። ሳይንስ ብዙውን ነገር የሚያውቀው ከተደጋጋሚ ልምድ ተነስቶ ነው፤ ኢንዳክሽን ይሉታል። ፀሐይ ነገም ትወጣለች የምንለው እስከ ዛሬ ስለወጣች ነው። ነገር ግን እስከ ዛሬ መውጣቷ ለነገው ዋስትና ይሆናል ወይ? ሂዩም የሚባል ስኮትላንዳዊ በ18ኛው መቶ ዘመን ይህን ጠይቆ ፈላስፎቹን እንቅልፍ ነሳቸው፤ እስከ ዛሬም አልተኙም። በርትራንድ ራስል የሚባል ሌላ ፈላስፋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1912 ባሳተመው መጽሐፍ በዶሮ መሰለው። ዶሮዋ ሰውየው ሲመጣ እህል ትጠብቃለች። በየቀኑ ያበላታልና። አንድ ቀን ግን ያው ሰውዬ መጥቶ አንገቷን ይጠመዝዛል።

«ስለዚህ እማ፣ ይሄ አውራ ዶሮ ዛሬ ጧት አንቺን ሲያይ ምን ብሎ የደመደመ ይመስልሻል?»

እህቴ ዶሮውን አየችው። ልጇን አየችው።

«አንተንም እየቀለብሁህ ነው። ብታስብበት ይሻልሃል።»

እኔ ኢንዳክሽንን ከዚህ የተሻለ ያስረዳ ሰው አላጋጠመኝም። ልጁም ከዚያ በኋላ ቶሎ አረደ።

በበዓሉ ማግስት ከሦስቱ ጎረቤቶች አሁን ዝም የምትለዋ የልጅ ልጇን ይዛ መጣች። ሕፃኑ ከስቷል። «ዓይን ነው» አለች። ባለፈው ጊዜ ወፍሮ ሲመጣም «ዓይን እንዳይገባው» ስትል ነበር። እዚህ ላይ የእህቴ ልጅ፣ ይመስገን፣ ስም መለጠፉን ተወና ጠየቀ። የሳይንስ ፈላስፋውን ካርል ፖፐርን አስተምረውታል። ፖፐር የሚለው ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ሊሳሳት የማይችል ነገር ሳይንስ አይባልም። አንስታይን የከዋክብት ብርሃን ፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ ይህን ያህል ይታጠፋል ብሎ አንገቱን ለገመድ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1919 ፀሐይ ስትጋረድ ሄደው ለኩት። ባይታጠፍ ኖሮ ጉዱ ነበር። ልጁም «እትዬ፣ ምን ብናይ ነው ‹አይ፣ ለካ ዓይን አይደለም› የምትይው?» አላት። በትሕትና ነው የጠየቀው፤ ምስክር ነኝ።

አሰበች። ፍንጃሏን አስቀመጠች።

«ይሄን መጠየቅህ ራሱ ዓይን ነው። ድሮ እንዲህ አልነበርህም።»

ፖፐር ቢኖር ቡናውን ጨርሶ ይነሣ ነበር። ዝምታዋም የጀመረው ከዚያ ቀን ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጥግ ላይ ተቀምጠው የሚያዳምጡ አንድ መሪጌታ ነበሩ። የቅኔ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ውሻ እየነከሳቸው፣ ቁራሽ እየለመኑ የተማሩ። ስለ ምርጫው ፈተና ስነግራቸው መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸው። እሳቸው ቤት ተማሪ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምርና ወደ ረጃጅሞቹ ይወጣል። የሚቀርበው ቅኔ ግን የራሱ፣ አዲስ መሆን አለበት። የትናንቱን ቢደግም ይሳቅበታል። የሰው ቢያመጣ አያድርስ ነው። መምህሩ ፊት ይቆማል፣ ሰሙን ከወርቁ ይለዩበታል፣ የላላውን ይነቅሱበታል። «መልሱን እነሱ ጽፈው ከሰጧችሁ» አሉት ለልጁ፣ «እናንተ ምን ልታመጡ ነው የሄዳችሁት?» ልጁ የዚህን ፋላሲ ስም ሲያስብ አየሁት። አላገኘለትም።

እውነት ነው፣ ቅኔ ቤት ፀሐይ ስትጋረድ ሄዶ አይለካም። ግን ዓረፍተ ነገር ሲሰማ በስተጀርባው ምን አለ ብሎ የሚጠረጥር ሰው አፍርቷል። እኛ ክሪቲካል ቲንኪንግ በእንግሊዝኛ ሃንድአውት ሲመጣ ነው ትምህርት መሆኑ የሚገባን።

ልጁ ፍልስፍና የግሪክ ነው ብሎኛል። እንፍራንዝን ታውቃታለህ አልኩት። «ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ የምናልፋት?» አዎ፣ ያቺው። ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ፣ ንጉሡ አይደለም፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ ዋሻ ገባ። በኋላ እንፍራንዝ ሀብቱ የተባለ ባለጸጋ ቤት ተጠግቶ ልጆቹን ሲያስተምር ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1667 ጻፈው በሚባለው ሐተታው ሰው የአባቶቹን ወግ ሳይመረምር ለምን ይቀበላል ብሎ ይጠይቃል። የሀብቱን ገረድ ሊያገባ ሲል ገረድህ ትሁን ቢሉት፣ አይሆንም፣ ባልና ሚስት እኩል ናቸው አለ። ይህን ሁሉ ፋሲል ግንቡን ባቆመበት ዘመን፣ ከግንቡ ብዙም ሳይርቅ። ከዚያ ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ1920 ኮንቲ ሮሲኒ የተባለ ጣሊያናዊ ምሁር ተነሥቶ፣ ይህን የጻፈው ዘርዓ ያዕቆብ ሳይሆን ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ የ19ኛው መቶ ዘመን ሚስዮናዊ ነው አለ። ክሎድ ሰምነር የተባለ ሌላ ምሁር ደግሞ አይደለም፣ የኢትዮጵያዊው ነው ብሎ ብዙ ጻፈ። ክርክሩ አሁንም አልበረደም። ሁሉን መርምሩ ያለው ሰውዬ እሱ ራሱ እየተመረመረ ነው። ያ ግን ቢያንስ ተማሪዎቹ ሰምተውታል ማለት ነው።

ሰፈሩን የበለጠ ያናደደው ግን አናፖሊስ ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ አናፖሊስ ከተማ ውስጥ ሴንት ጆንስ የሚባል ኮሌጅ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ዲፓርትመንት የሚባል ነገር የለውም። ሁሉም ተማሪ ዩክሊድን፣ ፕላቶንን፣ ኒውተንን ከራሳቸው መጽሐፍ ያነባል፤ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ይከራከራል፤ ላቦራቶሪ ገብቶ የጥንቶቹን ሙከራ በእጁ ይሠራል። ይህን ለእድራችን ሰዎች ባወራ አንደኛው አቋረጠኝ።

«ሲመረቅ ምን ይባላል?»

«ባችለር።»

«እሱማ ላጤ ነው። ሐኪም ነው ወይስ ኢንጂነር?»

«ሁለቱንም አይደለም።»

«ታዲያ ለቅሶ ቤት ሲገባ ምን ብለን ቦታ እንለቅለታለን?»

ለዚህ መልስ አላገኘሁም። እኛ ሰፈር አንዲት ልጅ ፍልስፍና ደርሷት እናቷ አራቱን ዓመት «ሕግ ነው የምትማረው» እያለች ነው የጨረሰችው። ልጅቷ አሁን ባንክ ትሠራለች። ማንም ሥራዋ ላይ ሲጠይቃት ሰምቼ አላውቅም፤ ባንክ ለሚሠራ ሰው ቦታ መልቀቅ እናውቅበታለን።

በቀደም ውጤት ወጣ። የእህቴ ልጅ ሎጂክ ሲ ፕላስ መጣበት። ለመምህሩ የሚልከውን አቤቱታ እንዳይለት ስልኩን አቀበለኝ። እናቱ ደም ግፊት አለባት ይላል። ዶርም ውስጥ ያለው ሁሉ ፈተናው ከባድ ነበር ብሏል። ሌላ መምህር፣ ያውም ዶክተር የሆነ፣ ኤ ይገባሃል ብሎታል። ካልተስተካከለ ጉዳዩን ወደ ላይ ለመውሰድ ይገደዳል። አንዱንም ሳልነካ መልሼ ሰጠሁትና «እስቲ ከዚህ ውስጥ ፋላሲዎቹን ቁጠርልኝ» አልኩት።

«ጋሼ ደግሞ!» አለኝ። «ይሄ ሎጂክ አይደለም እኮ፣ ግሬድ ነው።»