የተቧጨረና የተወለወለ ብር

አሜሪካውያን አዲስ ነገር ብቻ ነው የሚወዱት የሚል ሰው የአሮጌ ሳንቲም ገበያቸውን አላየም። እኔ በምኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ እንዲህ ያለ ገበያ ሲኖር ጎራ እላለሁ፤ ለመግዛት አቅሙ የለኝም፣ ክርክራቸውን መስማት ግን ደስ ይለኛል። አብዝተው የሚያነሡት በ1794 (እ.ኤ.አ.) ፊላዴልፊያ ውስጥ የተመታውን የመጀመሪያውን የብር ዶላር ነው።

አገሪቱ ያኔ ከእንግሊዝ አገዛዝ ከተላቀቀች ገና ብዙ አልቆየችም። የገንዘብ ሕጓን በ1792 አወጣች፤ የሳንቲም መምቻ መሣሪያዋ ግን ለዶላር የሚበቃ ጉልበት አልነበረውም። በ1794 የወጡት 1,758 ዶላሮች ብዙዎቹ በግራ ጎናቸው የደበዘዙ ናቸው። ሚዛን ያለፈው ብር በሞረድ ይፋቅ ስለነበር ጭረቱ ዛሬም ይታያል። ሰብሳቢዎቹ የሚሻሙት ይህንኑ የድህነት ምልክት ነው፤ ከእነዚያ አንዱ በ2013 ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ይቅር የማይሉት ማጽዳትን ነው። የተወለወለ ሳንቲም በእነርሱ ዘንድ የተበላሸ ሳንቲም ነው።

አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ካሉት የስጦታ ዕቃ መደብሮች ገብታችሁ ጠገራ ብር ብትጠይቁ ግን እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ሊያወጡላችሁ ይችላሉ። የመቶ ዓመት እጅ ያረፈበት ወዙ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተፍቆ አልቋል። ዳግማዊ ምኒልክ ፓሪስ ያስመቱትን፣ አንበሳ ያለበትን ብር እንኳ አይምሩትም። ያ ብር በዘመኑም ዕድለ ቢስ ነበር፤ ገበያው በጠገራው ላይ ያለውን፣ በ1780 (እ.ኤ.አ.) የሞቱትን የኦስትሪያዋን ንግሥት የማርያ ቴሬዛን መልክ አልለቅም ብሎ አስቸግሮታል። በዚህስ ከአሜሪካውያን ጋር አንተማማም፤ እነርሱም የስፔንን ብር እስከ 1857 በሕግ ሲገበያዩበት ኖረዋል።

አንጥረኛውን አልወቅስም። ብሩን አቅልጦ መስቀልና አልቦ ሲያደርገው ሌላ ሕይወት ሰጥቶታል። የሚያናድደኝ ወልዋዩ ነው፤ አሮጌውን አዲስ አስመስሎ እንደ አሮጌ ይሸጠዋል።

እዚህ አሜሪካ ደግሞ ሌላው ጽንፍ አለ። ውድ ውድ ሳንቲሞች ከ1 እስከ 70 ነጥብ ተሰጥቷቸው በፕላስቲክ ይታሸጋሉ፤ ባለቤታቸው እንኳ በጣቱ አይነካቸውም። በእነዚሁ ሰዎች ሚዛን ለአንገት ጌጥ የተበሳ የምኒልክ ብር ጉዳተኛ ተብሎ ዋጋው ይወድቃል። ለእኔ ይህ መልካም ዜና ነው፤ የምመርጠው የተበሳውን ነው፣ ኪሴም የሚችለው እርሱኑ ነው።