የወጣና የገባ

ባለቤቴ ፍሪጁ ላይ የምታስቀምጠው ባለ 50 ቅጠል ደብተር አላት። ሽፋኑ ላይ በትልቁ «ዶሮ» ተብሎ ተጽፏል፤ የውስጡ ገጽ ሁሉ በማስመሪያ ለሁለት ተከፍሏል። በግራ «የወጣ»፣ በቀኝ «የገባ»። እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሃያ ዓመት የሌላ ሰው ገንዘብ ስቆጥር ኖሬያለሁ፤ ለአንድ ሳንቲም ጉድለት ቢሮ አምሽቼ አውቃለሁ። የዶሮዎቹ ሒሳብ ግን ለእኔ አልተሰጠም። ምክንያቱን ስጠይቃት «ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው መዝገቡን አይዝም፤ አንተው ራስህ አይደለህ እንዴ የነገርከኝ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ስለ መሥሪያ ቤታችን ገንዘብ ያዥ ሳማ የተናገርኩት ነው።

ነገሩ የተጀመረው እዚያው መሥሪያ ቤት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ «የሌማት ትሩፋት» የሚለው ቃል ከቴሌቪዥን ወጥቶ የሻይ ክበባችን ቋሚ ደንበኛ ሆኗል። ቀድሞ ስለ ኳስ ይጨቃጨቅ የነበረ ሁሉ ስለ ቄብና ስለ ፋጉሎ ይጨቃጨቃል። አንድ ባልደረባችን ሰኞ ሰኞ ስልኩን ከፍቶ አንድ ሰሃን እንቁላል ያሳየናል። «ከጓሮዬ ነው» ይላል፤ የልጁን የምረቃ ፎቶግራፍ እንደሚያሳይ አባት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሰሃኑ በየሳምንቱ ያው ሰሃን፣ እንቁላሎቹም በየሳምንቱ እነዚያው አሥራ አንድ እንቁላሎች መሆናቸውን ያስተዋልኩት ከረፈደ በኋላ ነው።

ቤታችን ኮተቤ ነው፤ በማኅበር የተሠራ፣ 175 ካሬ ላይ ያረፈ። ቤቱ፣ ሰርቪሱ፣ የውሃ ታንከሩና የልብስ ማስጫው ድርሻ ድርሻቸውን ካነሡ በኋላ ለእርሻ የተረፈው ቦታ ከሳሎን ምንጣፋችን ብዙም አይበልጥም። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን የጓሮውን በር ከፍቼ ሳየው ጋሻ መሬት መሰለኝ። በዚያው ዕለት ሳሶ የሚባሉትን ዶሮዎች፣ የ45 ቀን፣ አሥር ገዛሁ። ሻጩ ሁሉም ሴት ናቸው ብሎ በልጆቹ ማለልኝ። ሁለቱ ወንድ ሆኑ። የልጆቹ ነገር እስከ ዛሬ ያሳስበኛል።

የዶሮ ቤቱን አናጢ ይሥራው ብላ ነበር ባለቤቴ። እኔ ደግሞ የአናጢ ዋጋ እንቆጥባለን አልኩ። ሞራሌ ገዛሁ፤ ቆርቆሮ፣ የሽቦ ወንፊት፣ ማጠፊያና ምስማር ገዛሁ፤ መዶሻ እንደሌለን ሳውቅ መዶሻ፣ መጋዝ እንደሌለን ሳውቅ መጋዝ፣ መጋዙ በደንብ እንደሚቆርጥ ሳውቅ ደግሞ ፋሻ ገዛሁ። ሥራው ስድስት ቅዳሜና ስድስት እሁድ ፈጀ። ዶሮዎቹ እስከዚያ የሰርቪሱ ሻወር ቤት ውስጥ ስለ ነበሩ እኛ በጣሳ ነበር የምንታጠበው። በሰባተኛው ቅዳሜ በሩ አልዘጋ ሲለኝ አናጢ ጠራሁ። ሰውየው ሥራዬን አንድ ጊዜ ዞረው፤ አንዱን ቋሚ በጣቱ ነካ ሲያደርገው ሦስቱ አብረው ተነቃነቁ። «ጥሩ ነው» አለኝ በትሕትና፣ «ማን ጀምሮት ነው የሄደው?»

የቀድሞ አናጢ ነው አልኩት። አብረን አማነው።

ዋናው ስሕተት ግን የቋሚው አልነበረም። ልኩን የወሰድኩት በ45 ቀን ዶሮ ነው። ዶሮ እንደሚያድግ አጥቼው ሳይሆን፣ ሳሶ ይህን ያህል ያድጋል ብዬ አልጠረጠርኩም። በአምስተኛው ወር ማታ ማታ ተጠጋግተው ሲቆሙ የመገናኛን ሚኒባስ አከሉ፤ «አንዴ ጠጋ በሉ» የሚል ረዳት ብቻ ነበር የጎደላቸው። በሩም በሰው ልክ አልተሠራም። ገብቶ እንቁላል መልቀም የሚችለው የስድስት ዓመቱ ልጃችን ብቻ ነው። ይህን እንደ ተረዳ ዋጋ አወጣ፦ በአንድ መግቢያ አምስት ብር፣ ዝናብ ከጣለ አሥር፣ አውራው ከተቆጣ በስምምነት። ደብተሩ ላይ «የጉልበት» ተብሎ ይመዘገባል።

ዶሮ ያረባ ሰው ሌላው የሚያገኘው ነገር ምክር ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ ከዶሮ ጋር ያላደገ ሰው የለም። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ልጅ ቆጣሪውን ትቶ በርበሬ መኖው ውስጥ ነስንስ አለኝ። በስተቀኝ ያሉት እማማ ነጭ ሽንኩርት ውሃቸው ውስጥ ጨምርላቸው አሉኝ። ጥበቃው ሁለቱንም ሰምቶ ሁለቱም ይገድላቸዋል አለ። አንድ እንግዳ ደግሞ ወንፊቱ ላይ አፍንጫውን አስደግፎ ሩብ ሰዓት ያህል ሲያያቸው ቆየና «ዶሮ የሰው ዓይን አትወድም» ብሎኝ ሄደ።

በአውራው ጉዳይ ከሰፈሩ ሁሉ ጋር ተጣላሁ ማለት ይቻላል። ዶሮ እንቁላል ለመጣል አውራ አያስፈልጋትም፤ አውራ የሚፈለገው እንቁላሉ ጫጩት እንዲሆን ከታሰበ ብቻ ነው። ይህን አንድም ሰው አላመነኝም፤ የዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነው አማቼ እንኳ «በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ሊሆን ይችላል» ነው ያለኝ። የዕድራችን ሰብሳቢ በትዕግሥት አዳመጡኝና «ልጄ፣ እንዲያው ለወጉስ ቢሆን ቤት ያለ አባወራ ይሆናል?» አሉ። ስለዚህ አንደኛው አውራ ለእንቁጣጣሽ ሲታረድ ሁለተኛው ለወጉ ተረፈ። ይህ አባወራ ሥራ የለውም፤ ከሁሉም አብልጦ ይበላል፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያለ ምክንያት ይጮኻል፤ ጠዋት ሌሎቹ የጣሉትን እንቁላል እርሱ የጣለው ይመስል ደረቱን ነፍቶ ይንጎራደዳል። ባለቤቴ ምንም ብላኝ አታውቅም። የመኖ ዋጋ ስትመዘግብ ግን «ለአባወራዎች» ብላ መጻፏን በዓይኔ አይቻለሁ።

አትክልቱ የመጣው ዶሮዎቹን ተከትሎ ነው። ሰጋቱራው በኩስ ሲሞላ መጣሉ ቆጨኝ፤ ማዳበሪያ በዚህ ዘመን ምን ያህል እንደሆነ እያወቅሁ! ጎመን ተከልኩና ትኩሱን ኩስ በአካፋ አለበስኩት። በሳምንቱ የጎመኑ ዳር ዳሩ እሳት የነካው ወረቀት መሰለ። ለካስ የዶሮ ኩስ ናይትሮጂኑ ኃይለኛ ነው፤ ለወራት ተከምሮ ካልተብላላ ተክል ያቃጥላል። ስለዚህ ለብስባሽ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ አንድ ቅዳሜ። በጎመኑ ቦታ ቆስጣ ተተከለ፤ ሌላ ቅዳሜ። ቆስጣውን ዶሮዎቹ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረሱት፤ አጥር ታጠረ፤ ሌላ ቅዳሜ። አጥሩ ወደ ውሃ ታንከሩ የሚያስኬደውን መንገድ ስለ ዘጋ ለአጥሩ በር ተሠራ፤ አናጢው ተመልሶ መጣ፤ «የቀድሞው አናጢ» እንደገና ታማ። ዶሮ ለመፈልፈል 21 ቀን መታቀፍ ያስፈልጋታል። የእኛ ጓሮ ሥራ ግን ሳይታቀፉት በሰባት ቀን ይፈለፈላል።

ውሃ በሰፈራችን በፈረቃ ነው። የእኛ ተራ ረቡዕና ቅዳሜ ሌሊት ነው፤ ያውም ከስምንት ሰዓት በኋላ። ስለዚህ አትክልተኛው በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ባትሪ በአፉ ነክሶ፣ በውድቅት ሌሊት ቆስጣ ያጠጣል። ዶሮዎቹ ግን ከእኛ የተሻለ ውሃ ጠጥተዋል። የፈንግል ክትባት በመጠጥ ውሃ ተበጥብጦ ሲሰጥ ክሎሪን ያለበት ውሃ ክትባቱን ይገድለዋል፤ የእንስሳት ሐኪሙ ይህን ሲነግረኝ በጋ ነበር፣ የዝናብ ውሃ ከየት ይምጣ። እኛ የቧንቧ አፍልተን እየጠጣን ለእነርሱ የታሸገ ውሃ ተገዛ። ልጃችን በስስት እያየ «እኔም ልከተብ» አለ።

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ሲገባ ዶሮዎቹ ሙሉ ጉልበታቸው ላይ ነበሩ። ስምንት ዶሮ በቀን አምስት እንቁላል፤ ጾሙ 55 ቀን፤ ሒሳቡ 275 ይመጣል። ጾሙን ለዶሮዎቹ የሚነግራቸው አልተገኘም። እኛ ሽሮ እየበላን ፍሪጁ በእንቁላል ተሞላ፤ ከዚያ ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከዚያ አልጋ ሥር። ልሽጥ ብዬ ብወጣ የሰፈሩ ሰው አብዛኛው ጿሚ ነው፤ በሑዳዴ እንቁላል ይዞ በር ማንኳኳት ራሱ ድፍረት ነው። ያወጣን የግራ ጎረቤታችን የሐጂ ቤት ነው። በዚያ ዓመት ረመዳን የገባው ዐቢይ ጾም በገባበት ሳምንት መጨረሻ ላይ ነበር። እነርሱ ቀኑን ጾመው ማታ ያፈጥራሉና ልጃችን በየማታው አምስት እንቁላል በዘንቢል አንጠልጥሎ ይሄድ ነበር። ዘንቢሉ ባዶውን አይመለስም፤ የሐጂ ባለቤት ሳምቡሳ ትሞላበታለች፤ የእኛን ጾም አስባ ውስጡን ምስር ብቻ አድርጋ። ባለቤቴ ሳምቡሳውን የት እንደምትመዘግበው ሁለት ቀን አሰበችና ደብተሩን ዘግታ በላች።

ለፋሲካ ግን እንቁላል ከሱቅ ነው የገዛነው። በሆሳዕና ሌሊት ሸለምጥማጥ በእኔ ወንፊት ገብቶ ሁለት ወሰደ፤ የተረፉት ስድስቱ ከድንጋጤው የተነሣ ለሳምንታት መጣል አቆሙ። አባወራው በዚያች ሌሊት ብቻ አልጮኸም።

ከዚያም ወዲህ ቢሆን የጓሯችን እንቁላል ወደ ገበታችን የሚመጣበት መንገድ ጠባብ ነው። ምክር የሰጠ ሁሉ ባለ አክሲዮን ሆኖ ተገኘ። እማማ የነጭ ሽንኩርታቸውን ትርፍ ይጠብቃሉ። ጥበቃው «ይገድላቸዋል» ብሎ ስላዳናቸው ይታሰብለታል። የዕድሩ ሰብሳቢ ባለፉ ቁጥር «አባወራው ደህና ነው?» ይላሉ፤ ይህ ጥያቄ ሦስት እንቁላል ያወጣል። ከገጠር የመጣ ዘመድ ሳይቀር፣ ደጁ በሐበሻ ዶሮ የተሞላ ሰው፣ «እስቲ የከተማውን ልቅመስ» ብሎ አራት ይዞ ሄዷል። እንቢ እንዳልል ይሉኝታው አለ፤ ልሽጥ ብል ደግሞ «ሰውዬው እንቁላል ለጎረቤት ይሸጣል» የሚለው ወሬ ከአውራው ጩኸት በላይ ይሰማል። ባለቤቴ «የገባ» በሚለው በኩል አንዳንድ ቀን «ምስጋና» ብላ ትጽፍና አጠገቡ ሰረዝ ታደርጋለች።

ባለፈው እሁድ የባለቤቴ አክስት ሳይናገሩ መጡ። ገና በሩ ላይ እንዳሉ «ዛሬ የመጣሁት ለናንተ ሳይሆን ለዶሮዎቹ ነው» አሉ። ቤት ውስጥ የነበረው አንድ እንቁላል ነበር፤ እርሱም ቅዳሜ ለሐኪሙ ቃል የተገባ። ባለቤቴ በዓይኗ ወደ ጓሮ በር አመለከተችኝ። በጓሮው በኩል ወጥቼ፣ ዞሬ ሱቅ ሄድኩ።

«አሥር እንቁላል» አልኩት ባለ ሱቁን።

«ጋሼ፣ ዶሮዎቹስ?» አለኝ።

«ዓመት ፈቃድ ላይ ናቸው።»

ከቢሾፍቱ በመኪና የመጣ፣ ገጹ የታጠበ ይመስል የሚያብረቀርቅ እንቁላል ነበር። በዶሮ ቤቱ በኩል ሳልፍ ቆም ብዬ ትንሽ ሰጋቱራ ቀባባሁት፤ ሁለቱ ላይ ላባ ቢጤም ለጠፍኩ። አምስቱ ተጠበሱ። አክስት ጎረሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይኸው!» አሉ። «እንቁላል ማለት ይህ ነው! ጣዕሙ ደጅ ውላ ጭራ የበላች ዶሮ ያስታውቃል። ያ የሱቁ እንጨት እንጨት የሚለው ነገር ደግሞ አለ፤ እኔ እንዲያውም ትቼዋለሁ።» የተረፉትን አምስቱን በመሐረብ ቋጠርንላቸው። ላባውን ሲያዩ እንባ የተናነቃቸው መሰለኝ። ለሚቀጥለው እሁድ ደግሞ ጎረቤታቸውን ይዘው እንደሚመጡ ተናግረው፣ መርቀውን ሄዱ።

ማታ ባለቤቴ ደብተሩን አወረደች። እስክሪብቶውን በመስመሩ ላይ፣ በግራና በቀኙ መካከል አቁማ ቀና ብላ አየችኝ።

«በል እንግዲህ፣ ባለሙያው አንተ ነህ» አለች። «ይህን የት ነው የምጽፈው?»

ተነሥቼ ጋቢዬን ለበስኩና ውሃ መጥቶ እንደሆነ ልይ ብዬ ወጣሁ። እሁድ ነበር፤ ተራችንም አልነበረም።