የ20 ደቂቃ አልበም፣ የ8 ወር ኩርፊያ

በቃኝ! ትናንት ማታ ጊታሪስታችን ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ አባይ ማዶ ቤቱ ገባ። ስልኩንም ዘጋው። 18 ዘፈን፣ የ8 ወር ልፋት፣ በአንድ ሰው ኪስ!

ለምን? «ጊታሬ በከበሮው ተዋጠ» ብሎ። ባለፈው ሳምንት ያኮረፈው ቤዝ ተጫዋቹ ነበር። ከዚያ በፊት በግጥሙ ተጣላን። በአማርኛ እንጩህ ስንል አንዱ «ማን ይሰማናል?» አለ። በእንግሊዝኛስ ማን ሰማን? ግራይንድኮር እኮ ነው፤ እጅግ ፈጣንና በጩኸት የሚዘፈን የሮክ ዓይነት! ዘፈኑ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም፤ ጭቅጭቁ ግን ሌሊቱን ያነጋል። መብራት ሲጠፋ እንኳ ጨለማ ውስጥ እንቀጥላለን።

ከበሮ መቺው እኔ ነኝ። ብላስት ቢት ማለት እጅና እግር ሳያርፉ በሩጫ መደብደብ ነው። አንዷን ዘፈን ብቻ 11 ጊዜ ደገምኳት። መዳፌ ተልጧል። ይህን ማን ቆጠረልኝ?

«የእንግሊዞቹ ግራይንድኮር ባንድ ናፓልም ዴዝም ተበትነው ነበር» ይሉኛል። አዎ፣ በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው የሸክላው ሁለት ገጾች በተለያዩ አባላት ነው የተቀረጹት፤ በሁለቱም ላይ ያለው ከበሮ መቺው ብቻ ነው። ግን አልበሙ ወጣ! ለሰው ደረሰ! የእኛስ?

ባሕር ዳር ውስጥ ሌላ ጊታሪስት ከየት ላምጣ? ሠርግ ላይ ኪቦርድ የሚጫወት ሞልቷል። በዚህ ፍጥነት ጊታር የሚመታ ግን ከእሱ በቀር አላየሁም፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ወንድሜ፣ ጊታርህን ከፍ እናደርገዋለን። እባክህ ሃርድ ዲስኩን መልስ።