ማስተካከያ፦ ዱባይ በነዳጅ ብቻ አልቆመችም

ስለ ዓለም አቀፍ ከተሞች ቀደም ሲል በቀረበው ጽሑፍ «ዱባይን ዱባይ ያደረጋት ነዳጅ ነው» ተብሎ የሰፈረው ሐሳብ መታረም አለበት። በዱባይ ነዳጅ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ከተማዋ ግን ከዚያ አስቀድማ፣ ከኩዌት በተገኘ ብድር፣ በደለል የተሞላውን የባሕር ወሽመጧን አስጠርጋ መርከቦች እስከ ገበያዋ ደጃፍ እንዲዘልቁ አድርጋ ነበር። ነጋዴነቷ ከነዳጇ ይቀድማል።

ነዳጁ አልጠቀማትም ማለት አይደለም። ገቢው እ.ኤ.አ. በ1979 የተከፈተውን የጀበል አሊ ወደብ ለመሰለ ግዙፍ ሥራ አቅም ሆኗታል። እ.ኤ.አ. በ1985 በዚያው የተቋቋመው ነፃ የንግድ ቀጠና ደግሞ የውጭ ባለሀብት ያለ አገሬው ሸሪክ የራሱን ድርጅት እንዲያቋቁም ፈቀደ። የመርካቶ ነጋዴ የዱባይ የገበያ ሰፈር እስከሆነችው ዴይራ ድረስ ሄዶ የቻይና ዕቃ የሚገዛውም በዚሁ መተላለፊያነቷ ነው እንጂ ዕቃው እዚያ ስለሚመረት አይደለም።

የነዳጁ ባለጸጋ ጎረቤቷ አቡዳቢ ናት። እ.ኤ.አ. በ2009 ዱባይ በዕዳ ስትጨነቅ 10 ቢሊዮን ዶላር የሰጠቻት እርሷ ነበረች፤ በወሩ የተመረቀው የዓለም ረጅሙ ሕንፃም «ቡርጅ ዱባይ» መባሉ ቀርቶ በወቅቱ የአቡዳቢ ገዥ ስም «ቡርጅ ኸሊፋ» ተባለ።