«ደህና ነኝ» እያላችሁ ጥናቱን አታበላሹ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የማነሳው ነገር ለጆሮ አይመችም። ግን መነገር አለበት። በተለይ ለእናንተ፣ ከፕሮስቴት ካንሰር (ከወንዶች ፊኛ ሥር ካለው ዕጢ ካንሰር) ታክማችሁ ለተረፋችሁ አባቶችና ወንድሞች። በሽታውን ችላችሁ አለፋችሁት። ከዚያ ወዲህ ያለውን ኑሮ ግን ከሐኪምም፣ ከተመራማሪም፣ ከሚስትም ደብቃችሁታል።

ሰውየው ለክትትል ይመጣል። ሐኪሙ የፒኤስኤ (ካንሰሩን ለመከታተል የሚደረግ የደም ምርመራ) ውጤቱን አይቶ «ጥሩ ነው፤ እርስዎስ እንዴት ነዎት?» ይለዋል። «ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን» ብሎ ይወጣል። የለበሰው ጥቁር ሱሪ ነው፤ እርጥበት እንዳይታይበት ብሎ የመረጠው። አዲስ ቦታ ሲገባ መጀመሪያ በዓይኑ የሚፈልገው መጸዳጃ ቤቱን ነው። ባስነጠሰው ቁጥር ሽንት ያመልጠዋል። ከባለቤቱ ጋር አልጋ ከለዩ ቆይተዋል። መዝገቡ ላይ ግን «ታካሚው ደህና ነው» ተብሎ ተጽፏል። ነገ ተመራማሪው መጥቶ የሚያነበው ይህንኑ ነው።

ይኼ ይሉኝታ ሌላውን ሰው ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በዓለም ዙሪያ 1.4 ሚሊዮን ያህል ወንዶች ይህ ካንሰር ተገኝቶባቸዋል። ፕሮቴክት የተባለው የብሪታንያ ጥናት ካንሰሩ ከፕሮስቴት ሳይወጣ የተደረሰባቸውን 1,643 ወንዶች በዕጣ ሦስት ቦታ መደባቸው። አንዱ ቡድን ወዲያው ሳይታከም በክትትል፣ ሌላው በቀዶ ሕክምና፣ ሦስተኛው በጨረር። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ከ15 ዓመት ገደማ በኋላ በካንሰሩ የሞቱት በሦስቱም ቡድን ከመቶ 3 አካባቢ ብቻ ናቸው። እንግዲህ ሞቱ ካልተለያየ ምርጫውን ምን ይወስነዋል? ኑሮው ነዋ! ሽንቱ፣ ወሲቡ፣ አንጀቱ፣ እንቅልፉ። ነገ የሚታመመው ሰው የቱን ልምረጥ ብሎ ሲጨነቅ የሚመራው የእናንተ መልስ ነው።

ሰው እውነቱን ሲጽፍ ምን እንደሚወጣ ደግሞ ታይቷል። እዚያው ብሪታንያ ውስጥ ካንሰሩ ከተገኘባቸው ከ18 እስከ 42 ወር የሆናቸው ከ35 ሺህ በላይ ወንዶች መጠይቅ ሞሉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ። ከመቶ 81 ያህሉ የወሲብ አቅማቸው ደካማ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ለዚህ ምንም ዓይነት እርዳታ አልቀረበላቸውም። አስቡት፣ እርዳታ እያለ! እነዚህ ሰዎች ወረቀቱን ባይሞሉ ኖሮ ይህን ጉድ ማን ያውቀው ነበር?

መጠይቁ አያፍርም። ባለፉት 4 ሳምንታት ሽንት ስላመለጣችሁ በቀን ስንት ፓድ (ሽንት መምጠጫ) እንደቀየራችሁ ይጠይቃል። ምንም፣ 1፣ 2፣ 3 ወይም ከዚያ በላይ። ሦስት የሚቀይረው ሰው «1» የሚለውን ያከብበዋል፤ ልጁ አጠገቡ ቁጭ ብላ እየሞላችለት ነዋ። እባካችሁ ብቻችሁን ሙሉት። ሦስት ከሆነ ሦስት በሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ስንባል ነው ያደግነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ የሚደበቀው የሌላውም ሰው መድኃኒት ነው።

የሆርሞን ሕክምና ላይ ያላችሁም ድንገት የሚመጣውን ሙቀትና ላብ፣ ድካሙን፣ የስሜቱን መውረድ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት። ሕክምናው ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን ስለሚቀንስ የሚመጣ ነው። አጥንትም ያሳሳል። ንገሩ፣ አስመዝግቡ።

ተመራማሪዎች፣ እናንተም አታመልጡም። ሕክምናው ካለቀ በኋላ ብቻ መጥታችሁ አትጠይቁ። ሰውየው ከመታከሙ በፊት እንዴት እንደነበር ካልተጻፈ፣ የጎደለው በሕክምናው ይሁን በዕድሜ በምን ይለያል? ጥቁር ወንዶች ለዚህ ካንሰር ይበልጥ ተጋላጭ ሆነው ሳለ በጥናቶቹ ውስጥ የምታገኟቸው ጥቂቶቹን ነው። ማንበብ የሚቸግረውን «መጠይቁን አልሞላም» ብላችሁ አትዝለሉት፤ የማያውቀው ሰው ያንብብለት። ሚስቶችንም ጠይቁ፤ እነሱም ከዚህ ኑሮ ድርሻቸውን ተሸክመዋል። የጨረር ጉዳት ደግሞ ከዓመታት በኋላም ብቅ ይላል። ስለዚህ በ1 ዓመት ጠይቃችሁ መዝገቡን አትዝጉት። በ5ኛውም፣ በ10ኛውም ዓመት ደውሉላቸው።