እጅ የነካው ድንጋይ

አክስቴን ልንሸኝ ደለስ ኤርፖርት የሄድን ቀን ነው። ሻንጣዋ ኪሎ አልፎ፣ ወለሉ ላይ ዘርግተን እቃ እናወጣለን፣ እንመልሳለን። እሷ ግን የእኛን ግርግር ትታ ቀና ብላለች። ነጠላዋን እንዳጣፋች ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር ቃኘችው። «ልጄ፣ ይሄ ድንኳን ነው እንዴ? መሃሉ ረግቧል እኮ» አለችኝ።

ዋሽንግተን አካባቢ ስኖር ብዙ ዓመቴ ነው። የአዲስ አበባው አውሮፕላን የሚያርፈው ደለስ ስለሆነ ስንቱን ተቀብያለሁ፣ ስንቱን ሸኝቻለሁ። ጣሪያውን ግን ያን ቀን ነው ያየሁት።

እውነቷን ነበር። ህንፃው በሁለት ረድፍ የቆሙ የኮንክሪት ምሰሶዎች አሉት። ሁሉም ወደ ውጭ አዘንብለዋል። በመካከላቸው የብረት ገመድ ተወጥሯል፤ ጣሪያው የተዘረጋው በዚያ ገመድ ላይ ነው። ክብደቱ ምሰሶዎቹን ወደ ውስጥ ይስባቸዋል፤ እነሱ ደግሞ ወደ ውጭ ተዘንብለው ይይዙታል። ድንኳን ተክሎ የሚያውቅ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል። አክስቴ ስንት ሠርግና ስንት ለቅሶ ላይ ድንኳን ሲተከል አይታለች!

ንድፉን ያወጣው ፊንላንድ የተወለደው ኤሮ ሳሪነን ነው። ሥራው ሲመረቅ አላየም። እሱ በ1961 አረፈ፣ ኤርፖርቱ በ1962 ተከፈተ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ኋላ ያነበብኩት ነው። በ1990ዎቹ ቦታው ሲጠብባቸው ህንፃውን በሁለቱም ጎን አስረዘሙት፤ እጥፍ ያህል ሆነ። ያስረዘሙት ሳሪነን አስቀድሞ ባሰበው መንገድ ነው። ያው ምሰሶ፣ ያው የረገበ ጣሪያ ቀጠለ። በሌላ ቀን ሄጄ አዲሱ ከድሮው የት ላይ እንደሚገናኝ ብፈልግ አጣሁት። ሰውየው ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ሐሳቡ ተከብሮለታል።

አክስቴ በቆየችባቸው ሳምንታት መሃል ከተማም ወስጃት ነበር። የብሔራዊ የሥዕል ቤተ መዘክሩን ምሥራቃዊ ህንፃ አሳየኋት። ቻይና የተወለደው አይ.ኤም.ፔይ የነደፈው፣ በ1978 የተከፈተ ነው። የፓሪሱን የሉቭር ሙዚየም የመስታወት ፒራሚድም የሠራው እሱ ነው። ህንፃው ፈዘዝ ባለ ሮዝ የቴነሲ እምነ በረድ የለበሰ ነው። አንዱ ማዕዘኑ እንደ ቢላ የሾለ ነው፤ ወደ 19 ዲግሪ ቢሆን ነው። ከመሬት እስከ ጣሪያ አንድ መስመር ሆኖ ይወጣል።

እና ያ ማዕዘን በሰው ቁመት ላይ ጠቁሯል። ሰው እየነካው ነው የጠቆረው። ያየው ሁሉ እጁን ሳያሳርፍ አያልፍም። ልጅ ይነካዋል፣ ቱሪስት ይነካዋል፣ ክራባት ያሰረ ሰው ይነካዋል። የእጁ ወዝ ከአርባ ዓመት በላይ ተደራርቦ ድንጋዩን አጥቁሮታል። አክስቴ ጠጋ አለች። መዳፏን አሳረፈችበት። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ደጀ ሰላም እንደምትሳለም፣ ግንባሯን ነካ አደረገችበት። ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። እኔም ቤተ ክርስቲያን አይደለም አላልኳትም። ስንት ሰው የዳሰሰውን ድንጋይ ታውቃለች። ያደገችበት ደብር በር ላይ ያለው መቃንም እንዲሁ ጠቁሯል።

ከዚያን ቀን ወዲህ ህንፃ የምመዝንበት መንገድ ተለወጠ። ከፍታው ብዙም አይገርመኝም። ዱባይ ያለችው እህቴ በ828 ሜትሩ ቡርጅ ኸሊፋ ፊት ቆማ ፎቶ ስትልክልኝ ደስ ይለኛል፤ እሷን ስላየሁ ነው። አሁን የምፈልገው ሰው እጁን የሚያሳርፍበትን ቦታ ነው።

ከዚያው ከሥዕል ቤቱ ትንሽ ወረድ ሲሉ በ2016 የተከፈተው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም አለ። የነሐስ ቀለም አለው፤ ሦስት እርከን ሆኖ ወደ ላይ እየሰፋ ይሄዳል። ቅርፁ የተወሰደው የምዕራብ አፍሪካ ሕዝብ ከሆኑት ከዮሩባዎች የእንጨት ቅርፅ አክሊል ነው። የለበሰው ፍርግርግ ደግሞ በባርነት የነበሩ ጥቁር አንጥረኞች በደቡብ ከተሞች ከሠሩት የብረት ሥራ የተቀዳ ነው። ዋና ነዳፊው ዳር ኤስ ሰላም የተወለደው፣ የጋና ልጅ ዴቪድ አጃዬ ሲሆን፣ አሜሪካዊው ፊል ፍሪሎን አብሮት ሠርቷል። ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን በቀን ስንቴ ያልፉበታል። አንዱ ወዳጄ መንገደኛ ሲጭን ማን እንደሠራው ይነግረዋል። ቀደም ብሎ ከአንድ ተሳፋሪ ሰምቶ ነው ያወቀው።

እኛ አገርስ? ማን እንደሠራው የምናውቀው የቱን ህንፃ ነው?

ተማሪ ሳለሁ አፍሪካ አዳራሽን ጎብኝተናል። አስተማሪያችን ስለ አፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ነገረን። ወደ 150 ካሬ ሜትር ነው፤ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግሏንና ተስፋዋን በሦስት ክፍል ያሳያል። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ቀይና ቢጫ ብርሃን ወለሉ ላይ ወርዶ ጫማችንን አቅልሞት ነበር። ያንን አልረሳውም። ህንፃውን የነደፈውን የአርቱሮ ሜዘዲሚን ስም ግን ያወቅሁት አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው። ጣሊያናዊ ነው፤ በወጣትነቱ አሥመራ መጥቶ እዚያው የጎለመሰ። ያንን ሁሉ በ18 ወር አቁሞ በ1961 አስረከበ። በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው እዚያ ውስጥ ነው። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትም የእሱ ሥራ ነው። አፍሪካ አዳራሽ ታድሶ በ2024 ሲከፈት ፎቶውን አይቼ ልቤ ሞላ። እንደ ደለሱ ሁሉ የድሮው ሐሳብ ተከብሯል።

ብሔራዊ ቲያትር አጠገብ ያለችውን ክቧን የንግድ ባንክ ህንፃ ሁላችንም እናውቃታለን። ፈረንሳዊው አንሪ ሾሜት የሠራት ናት። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርንና የፍልውሃን ህንፃ ደግሞ ኢትዮጵያዊው ሚካኤል ቴድሮስ ከእስራኤላዊው ዛልማን ኢናቭ ጋር ሆኖ ነድፏል። የአገራችን ልጅ ነው! ስሙን ስንቶቻችን ሰምተናል?

የዛሬዎቹ ያሳስቡኛል። ባለፈው አገር ቤት ስገባ የአክስቴ ልጅ የምትሠራበት ፎቅ ላይ ወጥቼ ነበር። ፊቱ ሁሉ ሰማያዊ መስታወት ነው። ከመንገድ ሲያዩት ያብረቀርቃል። ውስጡ ግን ይነዳል። ስድስት ሰዓት ላይ ልጆቹ መስኮቱ ላይ ካርቶን ለጥፈው፣ መጋረጃ ዘግተው፣ በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርተው ይሠራሉ። መብራት ሲጠፋ ጨለማም ሙቀትም ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ አየሯ የተባረከ ከተማ ናት። ጥላና ነፋስ በነፃ አላት። ያንን መስታወት የፈጠረው ብርድ አገር ነው፤ እዚያ ፀሐይ ትለመናለች። በር ላይ ያለው ደረጃም ያሳዝናል። አንዲት እናት አረፍ ልትል ስትል ጥበቃው አስነሳት።

ያስደሰተኝ የልደታ ገበያ ነው። ስፔናዊው ዣቪዬር ቪላልታ ነው የነደፈው። መስታወት አልደረደረበትም። ግድግዳው ነጣ ያለ ኮንክሪት ሆኖ በትናንሽ ቀዳዳዎች ተወቅሯል። ቀዳዳዎቹ የአገር ልብስ ጥለት ይመስላሉ። ብርሃን ይገባል፣ አየር ይገባል፣ ሐሩሩ ውጭ ይቀራል። ለጥለቱ ከእኛው ቤት የወጣ ሰው ቢያስብበት ምን ነበረበት?

ይህን ሳስብ ፍራንሲስ ኬሬ ይመጣብኛል። ቡርኪና ፋሶ ጋንዶ የምትባል መንደር ተወልዶ፣ ትምህርት ቤት ስላልነበረ በሰባት ዓመቱ ከቤት ወጣ። ኋላ ጀርመን ሄዶ አርክቴክቸር ተማረ። ገና ተማሪ እያለ ገንዘብ ለምኖ በ2001 ለመንደሩ ትምህርት ቤት ሠራ። በምን? በሸክላ ጡብ። የአገሬው ሰው መጀመሪያ ግር አለው፤ ከአውሮፓ የመጣ ልጅ ጭቃ ሲል ማን ያምነዋል? ጭቃውን በትንሽ ሲሚንቶ አጠነከረው። ጣሪያውን ከኮርኒሱ ከፍ አድርጎ ለያየው፤ የሞቀው አየር በመሃል ይወጣል። ሴቶቹ ወለሉን እየደበደቡ አስተካከሉ። በ2022 የዓለም አርክቴክቶች ትልቁን ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን፣ ሲወስድ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ዲያስፖራ ነው፣ እንደ እኔ።

እኛ ዲያስፖራዎች አገር ቤት ስንሠራ የምንልከው የሜሪላንድ ቪላ ፎቶ ነው። እኔም ልኬ ነበር። አዳማ ላይ ለእናቴ ለምናሠራው ቤት፣ ባለ ረጅም ዓምድ፣ ባለ ሰፊ መስታወት። በአዳማ ፀሐይ! ባለፈው ወር ለወንድሜ ደውዬ አስቆምኩት። ንድፉን የያዘችው ልጅ ወጣት አርክቴክት ናት፤ ደስ አላት። ትልቁን መስኮት ከምዕራብ አነሳችው፣ ጣሪያውን ወደ ውጭ አስረዘመችው፣ ዙሪያውን በረንዳ አደረገችለት። አዲሱን ስዕል በስልክ ላኩልኝ። ለእናቴ ሲያሳዩአት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች አሉ። ረከቦቷ ከነምድጃዋ በረንዳው ላይ ትዘረጋ እንደሆነ።