ሆርሞኑ ተስተካከለ፣ ዓይኔ ግን ፈጦ ቀረ

«የታይሮይድ ሆርሞን ሲስተካከል የዓይን ማፍጠጥም አብሮ ይጠፋል» የሚል ጽሑፍ ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። የእኔ ሆርሞን ከተስተካከለ በኋላ ዓይኔ ለ2 ዓመት ያህል እንደፈጠጠ ቆይቷል። በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት አንገት ላይ ያለውን የታይሮይድ ዕጢ ብቻ ሳይሆን ከዓይን ጀርባ ያለውን ስብና ጡንቻም ያጠቃል፤ እብጠቱ ነው ዓይንን ወደ ፊት የሚገፋው። ሲጋራ ይህን በሽታ እንደሚያባብስ በጽሑፉ አለመጠቀሱም አሳዝኖኛል። የሚያጨስ ታማሚ ካለ፣ እባክህ ወንድሜ፣ ዛሬውኑ አቁም።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የበጋው አቧራ አያድርስ ነው። ሌሊት የዓይኔ ቆብ ስለማይገጥም ቅባት አድርጌ በፕላስተር እየለጠፍኩ እተኛ ነበር። መንገድ ስሻገር አንዱ መኪና ሁለት ሆኖ ይታየኛል።

ቀዶ ሕክምናው የተደረገልኝ በሽታው ረግቦ ለ6 ወር ለውጥ ሳያሳይ ከቆየ በኋላ ነው። ከዓይን ጎድጓዳው አጥንት ጥቂት ተነሥቶ ለዓይኔ ቦታ ተገኘለት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሦስት ትራስ ደርቤ ተኛሁ። ማጎንበስ ስለተከለከልኩ ጫማዬን የምታስርልኝ እናቴ ነበረች። አንድ ሌሊት ዓይኔ ገጥሞ ማደሩን መጀመሪያ ያየችውም እሷ ናት፤ ጠዋት ስነሣ ፕላስተሩን ከራስጌዬ አንሥታዋለች።